ጨረርና ካርቲ ለሊምፎማ፦ ከአስታማሚ የተጻፈ ሪቪው

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካርቲ ነው። ያ ሴሉን አውጥተው ላብራቶሪ ሠርተው የሚመልሱት ነገር እንዴት ነው፣ ይሠራል ወይ፣ ስንት ነው፣ ያማል ወይ ምናምን። ስለ ጨረሩ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም፣ እኔ ደሞ ብዙ የማወራው ያለኝ ስለ ጨረሩ ነው፣ ስለዚ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ሕክምናው በጥቅሉ ከ5 ኮከብ 4። ጨረሩ 5፣ ሴሉ 5፣ የማታ ነርሶቹ ከ5 በላይ ካለ እሱን። ኢንሹራንሱ 1፣ እሱም ከ1 በታች መስጠት ስለማይቻል። የጨረር ክፍሉና የካርቲ ክፍሉ እርስ በርስ መነጋገር ላይ 2። ፓርኪንጉን ተዉት አታስታውሱኝ። ሆስፒታሉ ዲሲ አካባቢ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፣ የማማርረው ስላለኝ ስሙን አልጠራም፣ ደሞ ሌላ ጋ ብትሄዱም ታሪኩ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም።

ታማሚው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ እኛ ቤት ወንድም ጋሼ ነው የሚባለው። ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ ስድሳ ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። በሽታው ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ የሚሉት ነው፣ ከነጭ የደም ሴል ተነስቶ ንፍፊት ላይ የሚያብጥ፣ ከሊምፎማዎቹ መሃል ፈጣኑ ዓይነት። መጀመሪያ አር-ቾፕ የሚባለውን ኬሞ ወሰደ፣ ጠፋ ተባለ፣ እልል አልን፣ ከዛ ዓመት ሳይሞላው አንገቱ ላይ በግራ በኩል ተመልሶ መጣ። እንዲህ ቶሎ መመለሱ መጥፎ ዜና ነው ግን አንድ በር ደሞ ይከፍታል። ድሮ ቢሆን ሌላ ጠንከር ያለ ኬሞ፣ እሱ ከሠራ የራሱን የመቅኔ ሴል መልሶ መስጠት ነበር መንገዱ፣ ከኤፕሪል 2022 ወዲህ ግን ለመጀመሪያው ኬሞ እምቢ ላላቸው ወይ በ12 ወር ውስጥ ለተመለሰባቸው ሰዎች የስካርታ የሚባለውን ካርቲ ቀጥታ ሁለተኛ ሕክምና አድርገው እንዲሰጡ ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ፈቅዷል። እኛም በዚ ነው የገባነው።

ካርቲ ምንድነው ለሚል እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ውስጥ በሽታ የሚዋጉ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፣ ካንሰሩን ግን የራሳቸው ስለሚመስላቸው ዝም ብለው ያልፉታል። እነሱን ከደሙ ለቅመው ያወጡና እንዳይጎዳ በተደረገ ቫይረስ አማካይነት አዲስ ጂን ያስገቡባቸዋል፣ ከዛ በኋላ ካንሰሩ የተነሳበት ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ላይ ያለችውን ሲዲ19 የምትባል ምልክት ያየ ቲ ሴል ሁሉ ያጠቃል ማለት ነው፣ አባዝተው አቀዝቅዘው ይልኩታል። ነገርዬው ድንገት ትናንት የመጣ አይደለም፣ እስራኤል ዋይዝማን ኢንስቲትዩት የነበረው ዜሊግ ኤሽሃር በ1980ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ሀሳብ ነው፣ ዓለም ጉድ ያለው ግን በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ ኤሚሊ ዋይትሄድ የምትባል ሉኪሚያ ያለባት ትንሽ ልጅ ወስዳው ስትድን ነው። ኪምራያ የሚባለው ሌላ ካርቲና የስካርታ የጸደቁት በ2017 ነው፣ ኪምራያ ኦገስት ላይ ለልጆች ሉኪሚያ፣ የስካርታ ኦክቶበር ላይ ለሊምፎማ።

ችግሩ ያለው መሃሉ ላይ ነው። ሴሉ ከተወሰደበት ቀን አንስቶ ተሠርቶ እስኪመለስ፣ የኢንሹራንሱን ሳትጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል፣ ከነሙሉ ጣጣው ደሞ ወር ገደማ። ካንሰሩ ግን አይጠብቅም። የወንድም ጋሼ አንገት በየቀኑ ሲጨምር በዓይናችን እናየው ነበር፣ መጀመሪያ ሸሚዝ አልቆለፍ አለው፣ ቀጥሎ ድምፁ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ክኒን ሲውጥ ጉሮሮው ላይ ይቆምበት ጀመር። ይህቺን የመጠበቂያ ጊዜ ማሻገሪያ የሚሰጠውን ሕክምና ብሪጂንግ ነው የሚሉት። ምርጫው ወይ ሌላ ኬሞ ነው፣ ወይ ስቴሮይድ፣ ወይ ጨረር። ኬሞው ባንድ ዓመት ውስጥ ያልያዘውን በሽታ አሁን ይይዘዋል ብሎ የሚወራረድ ሰው አልነበረም፣ ስቴሮይዱ ቲ ሴሉን ስለሚያዳክም ካልተገደዱ ብዙ መስጠት አይፈልጉም። ጨረር ደሞ በሽታው አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ሲቀመጥና የሚያሰጋ ነገር ሲጫን ነው ጥሩነቱ። ሆድ ውስጥም ደረት ውስጥም መቅኔ ውስጥም የተበተነበት ሰው ላይ ሁሉንም በጨረር ልድረስበት ማለት አይቻልም። የኛው አንገት ላይ ብቻ ስለነበር ዕድለኛ ነን ማለት ይቻላል፣ እንዲህ ዓይነት ዕድል ካለ።

አሁን ወደ ባለ 2 ኮከቡ ጉዳይ። ጨረሩ ያለው አንድ ህንጻ ላይ ነው፣ የካርቲው ቡድን ሌላ ህንጻ፣ የሚጽፉበት ኮምፒውተር አንድ ነው ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው የሚያነበው አይመስልም። የጨረሩ ቢሮ ደውሎ ቀጠሮ ሰጠን፣ በጣም ቅርብ ቀን፣ እኛም አንገቱ እያስጨነቀን ስለነበር ደስ ብሎን ተቀበልን። የካርቲዋ ኮኦርዲኔተር ስለሌላ ጉዳይ ስታወራን ቀኑን ሰማችና ደነገጠች፣ ቆይ ቆይ ሴሉን ሳንወስድ ጨረር አይጀመርም ብላ እዛው ስልኳን አንስታ አስቆመችው። ምክንያቱ ሲነገረኝ ቀላል ነው፣ ከሰውነት ሴል ሁሉ ጨረር ቶሎ ከሚገድላቸው ውስጥ ዋናዎቹ እነዚህ ቲ ሴሎቹ ያሉበት ሊምፎሳይቶች ናቸው፣ ትንሽ መጠን ይበቃቸዋል፣ አንገት ውስጥ ደሞ ትልልቅ የደም ሥር አለ፣ ደሙ እየተመላለሰ በጨረሩ ስር ያልፋል። ጥሬ ዕቃውን ነው የምታበላሸው ማለት ነው። ስለዚ የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ሴሉን መውሰድ፣ ቀጥሎ ጨረሩ፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ቀለል ያለ ኬሞ፣ ከዛ ሴሉን መመለስ ነው። የሚያስቸኩል ነገር ሲመጣ ዶክተሮቹ ሊያዛንፉት ይችላሉ፣ ግን እያወቁ ይሁን እንጂ በቀጠሮ ጸሐፊ ስህተት መሆን የለበትም። ሁለቱንም ክፍል እኛ ነን ያገናኘነው ብል አላጋነንኩም።

ሴል መውሰዱ ራሱ ሕመም የለውም፣ ይሰለቻል እንጂ። ባንድ በኩል ደሙ ይወጣል፣ ማሽኑ ያሽከረክርና ነጩን ይለያል፣ ቀሪው በሌላ በኩል ይመለሳል፣ ይሄ ለሰዓታት። ከንፈሩን ነዘረኝ አለ፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚጨምሩት ነገር ካልሲየም ስለሚያወርድ ነው፣ የሚታኘክ ካልሲየም ሰጡት ለቀቀው።

ጨረሩ። መጀመሪያ ሲሙሌሽን የሚሉት አለ፣ ሲቲ ስካን ተነስቶ የሚለካበት ቀን ማለት ነው፣ ያን ቀን ማስክ ይሠሩለታል። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲለሰልስ ከፊቱ እስከ ትከሻው ድረስ ያለብሱትና በጣታቸው አፍንጫውን አገጩን እየተጫኑ ቅርጹን ያስይዙታል፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይደርቃል፣ ከዛ በኋላ በየቀኑ እሷን አድርጎ አልጋው ላይ ይቆለፋል፣ ንቅንቅ የለም። ጺምህን ከዛሬው አታሳጥር አታስረዝም አሉት፣ ማስኩ እንዳይላላ ወይ እንዳይጠብቅ። እኔ ሳየው ነው የጨነቀኝ፣ እሱ ግን ከስልኩ ሙሉቀንን ክፈቱልኝ አላቸው፣ ከፈቱለት፣ ቴክኒሻኖቹ በኋላ ላይ ሳይጠየቁ ራሳቸው ይከፍቱለት ነበር። ጨረሩ ሲበራ ምንም አይሰማም፣ አይታይም፣ አይሞቅም፣ ገብቶ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ነው። ለሱ የታዘዘለት 30 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ነበር፣ በ10 ተከፋፍሎ፣ ከሰኞ እስከ አርብ ሁለት ሳምንት። ሌላው ሰው 20 ግሬይ በ5 ሊወስድ ይችላል፣ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ጥበት ነው።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ልንገራችሁ፣ በኛ ምግብ ልክ። በሁለተኛው ሳምንት አፉ ደረቀ፣ ጉሮሮው ቆሰለ፣ ጣዕም ጠፋ። በርበሬ ያለው ነገር በሙሉ እሳት ሆነበት፣ ሽሮም ቢሆን። አጥሚት፣ ቀዝቀዝ ያለ አልጫ የተፈጨ፣ እንጀራውን አርሰን፣ እሱን በማንኪያ። ቡናዬ የት ሄደ እያለ ነበር፣ ያለ ቡና መዋል የማይችል ሰው ስኒውን አስቀምጦ ሽታው ብቻ ይበቃኛል ሲል ሰማሁት። የአፍ መጉመጥመጫ ሰጡት፣ ቤኪንግ ሶዳና ጨው በውሃም አዘዙት። ካበቃ በኋላ ጉሮሮው በሳምንታት ውስጥ ዳነ፣ ጣዕሙ ግን ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ ጣፋጩ ቀድሞ፣ ቡናው መጨረሻ።

አንድ ነገር እዚ ጋ መናገር አለብኝ፣ የኛ ሰው ጨረር የሚለውን ሲሰማ ይሸሻል። ልጆቹን አይቀፍ፣ እርጉዝ አትጠጋው፣ ለብቻው ሰሃን ይኑረው ያሉን ነበሩ፣ ከልባቸው ለኛ አስበው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ከውጭ በማሽን የሚሰጠው ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሰውየው ላይ የሚቀር የለም፣ እቀፉት ሳሙት አብራችሁ ብሉ። ወደ ሰውነት የሚገባ ጨረር ያለው መድኃኒት ሌላ ነው፣ እሱ የራሱ ጥንቃቄ አለው፣ እነሱን አንደባልቃቸው።

ውጤቱስ? ጨረሩ ሳያልቅ እብጠቱ ሲቀንስ ይታይ ነበር። ክኒኑን ዋጠ፣ ድምፁ ተመለሰ። ለኔ ሙሉ 5 ኮከቡን ያገኘው እዛ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሴሉ ገና መንገድ ላይ እያለ አየር ቧንቧው ቢዘጋ ኖሮ ምን ዋጋ አለው፣ ያ ሁሉ መቶ ሺ ዶላር ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሌላው ደሞ ካርቲ ከተሰጠ በኋላ በሽታው የሚመለስባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው እዛው ቀድሞ የነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ በተለይ ትልቅ ሆኖ በቆየበት። ትልቁን ቀድሞ አሳንሶ መጠበቅ ለሴሎቹም ሥራ ማቅለል ነው፣ ብዙ ካንሰር ይዞ ወደ ካርቲ የሚገባ ሰው የሚያመውም ይበዛል።

ግን ጨረሩ ሴሎቹን ራሳቸውን ያጠነክራል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ቦታ ደሞ ተጋኖ ነው የሚወራው። የጨረሯ ሐኪም ስጠይቃት ሁለቱን ለይታ ነው የነገረችኝ፣ እብጠቱን እንደሚያሳንስለት እርግጠኛ ነኝ፣ ሴሎቹን እንደሚረዳ ግን ተስፋ አደርጋለሁ አለችኝ። ተስፋው ከየት መጣ ብዬ ያነበብኩት፦ ጨረር የነካው የካንሰር ሴል ሲጎዳ መደበቁን ይተዋል፣ ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳብቁ ምልክቶችን ያወጣል። በ2018 ኒውዮርክ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ያሉ ተመራማሪዎች አይጥ ላይ በተደረገ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ጥናት ትንሽ ጨረር ቀድሞ ሲሰጥ ካርቲዎቹ የሚፈልጉት ምልክት የሌለውን የካንሰር ሴል ሳይቀር ጨምረው ሲገድሉ አሳይተዋል። በጣም ደስ ይላል፣ ግን አይጥ ነው። ሰው ላይ ሞፊትና ኤምዲ አንደርሰን የሚባሉት የካንሰር ሆስፒታሎች ያወጧቸው ጥናቶች አሉ፣ ጨረር ለብሪጂንግ ሲሰጥ በሰላም እንደሚያልፍና በሽታውን እንደሚይዝ ያሳያሉ፣ ይሁንና ጥቂት ሰው ላይ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ፋይል በማየት የተሠሩ ናቸው፣ እጣ አውጥተው ግማሹን ጨረር ግማሹን ያለ ጨረር ያደረጉ አይደሉም።

ደሞ ተስፋ ሲፈተሽ የሚሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ቤተስዳ ኤንአይኤች የሚባለው የመንግሥት የሕክምና ምርምር ግቢ ውስጥ የስቲቨን ሮዘንበርግ ቡድን ሜላኖማ ለሚባለው የቆዳ ካንሰር ከእብጠቱ ውስጥ ያወጧቸውን ቲ ሴሎች አብዝቶ መልሶ ይሰጥ ነበር፣ ከሴሉ በፊት ሙሉ ሰውነትን በጨረር ማዘጋጀት የተሻለ ያደርጋል የሚል ጠንካራ ፍንጭ ነበራቸው። ከዛ በደንብ ፈተሹት፣ 101 ሰው፣ ግማሹ ኬሞ ብቻ ግማሹ ኬሞና 12 ግሬይ ጨረር፣ በ2016 ሲያወጡት በሁለቱም በኩል ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው 24 ከመቶ ሆኑ። እኩል። ጨረሩ የጨመረው ተጨማሪ ሕመም ብቻ ነው። የኛው ዓይነት አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያርፍ ጨረር ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ጨረርና የመከላከያ ሴል ሲጣመሩ ሁሌም አንድ ሲደመር አንድ ሦስት ነው የሚላችሁን ሰው፣ በተለይ የሚሸጥላችሁ ነገር ካለው፣ ቆም ብላችሁ ስሙት።

ሴሉ የገባበት ቀን ደሞ እንዴት ምንም የማይመስል ቀን መሰላችሁ። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ሆና መዝሙረ ዳዊቷን ይዛ፣ የመጣው ከአንድ ቡና ስኒ ብዙም የማይበልጥ ከረጢት ነው፣ 68 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገብቶ አለቀ። ይሄው ነው? አለ። ለማቀዝቀዣ የሚጨምሩበት ነገር የተቀቀለ በቆሎ የመሰለ ሽታ አለው፣ ከሱ ትንፋሽ ነው የሚወጣው፣ ክፍሉን ለቀን ተኩል ያህል ይዞት ቆየ።

ትኩሳቱ ወዲያው ነው የመጣው፣ ይጠበቅም ነበር። ሴሎቹ ሥራ ሲጀምሩ የሚለቁት ኬሚካል ነው፣ ከፍ ሲል ደም ግፊት ይጥላል፣ ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ሰጡት በረደ። ከዛ የጭንቅላቱ ጉዳይ አለ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ሴሎቹ አእምሮን ያደናግራሉ፣ ለዛ በየፈረቃው ከ10 የሚታረም ፈተና ይሰጡታል፣ ዓመቱ ስንት ነው፣ ወሩ፣ ከተማው፣ ሆስፒታሉ፣ ይሄ ዕቃ ምንድነው፣ ከ100 ወደ ኋላ በአስር በአስር ቁጠር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ጊዜው ኦክቶበር 2024 መጨረሻ ነው። ሌሊት ከእንቅልፉ ቀስቅሳ ዓመቱ ስንት ነው አለችው፣ 2017 አላት። ወሩስ፣ ጥቅምት። ሁለት ነጥብ ጎደለ፣ ነርሷ ዶክተር ጠራች፣ ዶክተሩ እየሮጠ መጣ፣ እኔ ወንበር ላይ ከተኛሁበት ተነስቼ ኧረ ልክ ነው በኛ አቆጣጠር 2017 ጥቅምት ነው እያልኩ በስልኬ ካላንደር ሳሳያቸው ነበር። ሳቁ፣ ከዛ አልጋው በላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ 2017 የኢትዮጵያ ዓመት ነው ትክክል ነው ብለው ጻፉ። ካርቲ የምትወስዱ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይሄን አስመዝግቡ፣ የምሬን ነው።

በነጋታው ግን ቀልዱ አበቃ። ዓረፍተ ነገሩን በየጠዋቱ በአማርኛ ነበር የሚጽፈው፣ ያው ዛሬ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፣ ነርሷ አንድ ፊደል አታውቅም ግን የትናንቱን ወረቀት ከዛሬው አጠገብ አድርጋ ታያለች። ያን ቀን መስመሩ ወደ ታች ወረደ፣ ሆሄዎቹ እላይ በላይ ተደራረቡ፣ እግዚአብሔር የምትለው መሃል ላይ ቀረች። እኔ ደክሞት ነው ስል እሷ ቀድማ ደውላለች፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ጀመሩለት፣ ቁጥር መቁጠሩ ጠፋበት፣ ስሜንም ተሳሳተ፣ ከዛ ከቀናት በኋላ ቀስ እያለ ጠራ። ለማታ ነርሶቹ ከ5 በላይ ያልኩት ለዚ ነው።

የኢንሹራንሱን ነገር እዘለው ነበር ደሜ ስለሚፈላ። ለካርቲው ፈቃድ እስኪሰጡ ሳምንታት ሄደ፣ አንገቱ ያን ያህል ያደገው በዛ መሃል ነው። ጨረሩን ደሞ ከዛ በሚያንስ ዋጋ ሊያስተርፈው የሚችለውን ነገር መጀመሪያ አያስፈልግም አሉ፣ ሐኪሟ ራሷ ደውላ ከነሱ ሐኪም ጋር ተከራክራ ነው ያስለወጠችው። የስካርታ በ2017 ሲወጣ የመድኃኒቱ ዋጋ ብቻ 373,000 ዶላር ነበር፣ ከዛ ወዲህ ጨምሯል፣ የሆስፒታል አልጋው የለበትም። የጨረሩ ዋጋ ከዚ አጠገብ ሲቀመጥ ሂሳብ አይባልም።

ሹፌር ለሆነ ሰው ደሞ ሌላ ሂሳብ አለ። ያኔ ሴሉ ከተመለሰለት በኋላ ለ8 ሳምንት መንዳት ክልክል ነበር፣ ለ4 ሳምንት ደሞ ከሆስፒታሉ መራቅ አይቻልም ነበር፣ 24 ሰዓት አብሮት የሚሆን ሰው ግዴታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ገቢ የለም፣ የመኪና ክፍያው ግን አለ። እኔ ከሥራዬ የወሰድኩት የቤተሰብ ፈቃድ እስከ 12 ሳምንት ነው፣ ሥራህን ይጠብቃል እንጂ ደሞዝ የለውም። ዕድሩና ቤተክርስቲያኑ ባይኖሩ አላውቅም። ጁን 2025 ላይ ኤፍዲኤ ደንቡን አላልቶ መንዳት የማይቻልበትን ወደ 2 ሳምንት፣ ቅርብ መቆየቱንም ወደ 2 ሳምንት አወረደው፣ ወንድም ጋሼ ይሄን ሲሰማ እኔን ጠብቀው ነው አይደል የሚፈታው አለ። እናንተ ተጠቀሙበት።

አንዳንድ ትንንሽ ነገሮች ለኛ ሰው። የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ምርመራውን በደንብ አስደርጉ፣ አገር ቤት ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፣ ካርቲ ቢ ሴሎችን ሲያጠፋ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ሊነሳ ይችላል፣ ቀድሞ ከታወቀ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ይዞታል። ደሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነጻ ነው፣ መብታችሁ ነው፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚለው ወንድሜ እንኳ ትኩሳቱ ሲወጣ እንግሊዝኛው ሁሉ ትቶት ሄዷል። ጥሬ ክትፎ ለወራት የለም፣ ጸበልም ቢሆን ደረቱ ላይ ያለው መድኃኒት የሚሰጥበት ቱቦ እንዳይነካ፣ የሚጠጣውንም ዶክተሩን ሳትጠይቁ አትስጡት፣ እኛ ቄሱን ስንጠይቃቸው ሐኪሙ ያለህን ስማ ነው ያሉት።

አሁን እንዴት ነው? የወሩ ፔት ስካን ላይ ትንሽ የሚያበራ ነገር ነበር፣ እንቅልፍ አጣን፣ ጨረሩ ያስቆጣው ሥጋም ሊሆን ይችላል እንጠብቅ አሉ፣ በሦስተኛው ወር ንጹህ ሆነ። መንዳት ጀምሯል። የመከላከያ ፕሮቲኑ ዝቅ ስለሚል በየወሩ በደም ሥር ይሰጡታል፣ ጉንፋን ያለበት ሰው ቤቱ አይገባም። ዳነ ብዬ አልምልም፣ የስካርታ የመጀመሪያው ጥናት ላይ ብዙ ሕክምና አልፏቸው ከወሰዱት 101 ሰዎች በ5 ዓመቱ በሕይወት የነበሩት ከ100 ወደ 43 ናቸው፣ በጃንዋሪ 2024 ደሞ ኤፍዲኤ አልፎ አልፎ ሌላ የቲ ሴል ካንሰር ሊመጣ ይችላል ብሎ ማስጠንቀቂያ አስጨምሮበታል። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለዚም ጭምር ነው።

ከአገር ቤት ለምትደውሉ፦ ካርቲ እዛ የለም። ጨረሩም ለረጅም ዓመት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ጅማን የመሳሰሉ ቦታዎች ተጨምረዋል፣ ወረፋውን ግን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ህንድ ለሚያስብ ሰው፣ ኔክስካር19 የሚባል እዛው የተሠራ ካርቲ በኦክቶበር 2023 ጸድቋል፣ የቦምቤይ አይአይቲና ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ያሉበት ነው፣ ዋጋው ከአሜሪካው ወደ አንድ አስረኛ ይጠጋል ተብሏል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ጨረሩና ካርቲው እዛው አንድ ግቢ ውስጥ መሆኑን ጠይቁ፣ ሴሉ እስኪሠራ ታማሚው በምን እንደሚቆይ በጽሑፍ ይንገሯችሁ፣ ከእብጠቱ ተቆርጦ የተመረመረውን ናሙና (የባዮፕሲ ብሎክ የሚሉትን) ከፓቶሎጂ ላብራቶሪው ተቀብላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲዲ19 እንዳለው እዛ እንደገና ማየት ይፈልጋሉ።